የጠባቂ ዕዳ

ባለፈው ዓመት ቡና በሚለቀምበት ወራት፣ በአንድ ቅዳሜ ምሽት፣ በጨለለቅቱ ከቤቴ ደጃፍ ተቀምጬ ሳለሁ የልጄ ልጅ ሚኒሶታ ከሚባለው የአሜሪካ ክፍል በስልክ ጠራኝ። ልጁ ዐሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ሰላምታውን እንኳ በቅጡ ሳይጨርስ፣ «አባባ፣ እውነቱን ንገረኝ፤ እንስሳን በመስተዋት ሣጥን ውስጥ ማኖር ኀጢአት ነው?» ሲል ጠየቀኝ። (ለሽማግሌ «ይንገሩኝ» ማለትን አልተማረም፤ እኔም ከዚህን ያህል ርቀት ሆኜ ልገሥጸው አልፈለግሁም።) ነገሩን ብጠይቀው፣ የትምህርት ቤት ጓደኛው «አንተ የወህኒ ቤት ዘበኛ ነህ» ብሎ ሰድቦት ኖሯል።

በመጀመሪያ ሣቅሁ። ልጅን ከልጅ ያጣላ ነገር ሁሉ ለሽማግሌ ያሥቀዋል። «ተኛ፣ ነገ እነግርሃለሁ» ልለውም አስቤ ነበር፤ ነገር ግን እዚያ ገና ጧት መሆኑ ትዝ አለኝ። «አስቤ እመልስልሃለሁ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። በዚያች ሌሊት ግን እንቅልፍ ያጣሁት እኔ ነበርሁ። ምክንያቱም ጥያቄው ለልጁ አዲስ ይሁን እንጂ ለእኔ አሮጌ ዕዳ ነበረ፤ ይህንም ወደ ፊት እናገራለሁ።

እንስሳው እንሽላሊት ነው። ፈረንጆች ሌፐርድ ጌኮ ይሉታል፤ በቢጫ ቆዳው ላይ እንደ ነብር ያለ ጥቁር ነጠብጣብ ስላለበት ነው። እኔ ለአጠራር እንዲመች ነብሬ እለዋለሁ። የትውልድ አገሩ አፍጋኒስታን፣ ፓኪስታንና የሕንድ ሰሜን ምዕራብ፣ ደረቅና ድንጋያማ ምድር ነው። በቆላ ከተሞቻችን ማታ ማታ አምፑል ዙሪያ በግድግዳ ላይ ከሚሮጡት ትንንሽ እንሽላሊቶች ጋር ዘመድ ነው፤ ዳሩ ግን እንደ እነርሱ በግድግዳ ላይ የሚጣበቅ ጣት የለውም፤ በምድር ላይ ይሄዳል። እነርሱ የተነፈጉትን የዐይን ቆብ ደግሞ እርሱ አግኝቷል፤ ሲተኛ እንደ ሰው ዐይኑን ይከድናል። ልጁ የወደደው በዚህ ምክንያት ሳይሆን አይቀርም። ስቡን የሚያከማቸው በወፍራሙ ጅራቱ ውስጥ ነው፤ የእኛ አገር ሰው ለክፉ ቀን ብሎ ቆጮውን በጉድጓድ እንደሚያቆየው ያለ ነው። ጠላት ከያዘው ግን ያን ጎተራውን ከነስንቁ ጥሎ ይሸሻል። ቀኑን በድንጋይ ሥር ተሸሽጎ ይውልና ፀሐይ ስትጠልቅ ለአደን ይወጣል። በሚገባ ከያዙት ዐሥራ አምስት፣ እስከ ሃያ ዓመትም ይኖራል።

በማግሥቱ ልጁ ስልኩን አዙሮ ቤቱን አሳየኝ። በውነቱ ያማረ ቤት ነበር። ወለሉ ቀይ አሸዋ ነው። በጀርባው በኩል በበረሃ ላይ ፀሐይ ስትጠልቅ የሚያሳይ ሥዕል ተለጥፏል። የፕላስቲክ ዘንባባ አለ፤ የበሬ ራስ ቅል የሚመስል ጌጥ አለ፤ ከላይ በመካከሉ ብርቱ መብራት ይበራል። ነብሬ ግን ከአንዱ ማዕዘን ተለጥፎ ፊቱን ወደ መስተዋቱ አዙሮ ነበር። «ሁልጊዜ እንዲህ ነው፤ አይጫወትም» አለኝ ልጁ ቅር ብሎት።

ያን ቤት ብዙ አየሁት። በውስጡ ያለው ነገር ሁሉ ፊቱን ያዞረው ወደ ተመልካቹ ነው። ሥዕሉን የሚያየው ልጁ ነው፤ ዘንባባው ደስ የሚያሰኘው ልጁን ነው፤ መብራቱም የበራው ልጁ እንዲያይበት ነው። በዚህ ልጁን ብቻ ልንወቅሰው አይገባም። እኛም ብንሆን ቤት ስንሠራ ሰፊውን ክፍል፣ መስኮት ያለውን፣ ምንጣፍ የተነጠፈበትን ለማን እንደምናደርገው እናውቃለን፤ በዓመት ሦስት ጊዜ ለሚመጣው እንግዳ ነው። የቤቱ ልጆች ግን በጓዳ ተደራርበው ይተኛሉ። ዐፄ ቴዎድሮስን ከአንበሶቻቸው ጋር የሚያሳየውን ሥዕል ያላየ ጥቂት ነው። ሥዕሉን ያየ ሁሉ ስለ ንጉሡ ግርማ ይናገራል፤ ስለ አንበሶቹ ማደሪያ የጠየቀ ሰው ግን እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም።

እንግዲህ አሮጌውን ዕዳ ልናገር።

ዘጠኝ ወይም ዐሥር ዓመት ቢሆነኝ ነው። ጨለለቅቱ እንደ ዛሬው አልሰፋችም ነበር፤ ከቤታችን ጀርባ ጥቂት ከተራመዱ እንሰቱና ቡናው ይቀበላል። ያን ጊዜ ልጅ ሁሉ እስስትን ይፈራል፤ ቀለሟን ስለምትለውጥና ዐይኗን ወዲያና ወዲህ ለየብቻው ስለምታዞር የሰይጣን ሥራ ትመስለን ነበር። እኔ ግን ደፋር መባልን እፈልግ ነበርና አንዲት አረንጓዴ እስስት ከቡና ቅርንጫፍ ላይ በእንጨት አውርጄ ወደ ቤት አመጣኋት። ሌሎቹ ልጆች በድንጋይ ይገድሉ ነበር፤ እኔ አልገደልሁም። በዚህም ከሁሉ የተሻልሁ መሰለኝ።

ከባለ ሱቁ የሳሙና ሣጥን ለምኜ ፊቱን በወንፊት ሽቦ ጋረድሁት። የቡና ቅርንጫፍ ቈርጬ አስገባሁ። ዝንብ እየያዝሁ ሰጠኋት። ውሃም በንጹሕ የጣሳ ክዳን ሞልቼ ከፊቷ አስቀመጥሁ። ወራቱ የበልግ ዝናብ ወራት ስለ ነበር፣ እንዳይመታት ብዬ በሣጥኑ ላይ ቆርቆሮ ከደንሁ። አባቴ ይህን ሁሉ አይቶ «ለፍጥረት የሚራራ ልጅ ነው» ብሎ በጎረቤት ፊት አመሰገነኝ። እስከ ዛሬ ድረስ ከአባቴ አፍ ካገኘሁት ምስጋና ሁሉ ያን ያህል ያኰራኝ የለም።

እስስቷ ከቀን ወደ ቀን ቀለሟ እየደበዘዘ ሄደ። ዐይኖቿ ወደ ውስጥ ጠለቁ። እኔ ታማለች ብዬ ዝንቡን አበዛሁላት፤ ውሃውን ጧት ማታ ለወጥሁላት። ሌሊት ሌሊት ዝናቡ በቆርቆሮው ላይ ሲዘንብ እየሰማሁ «የእኔ እስስት ደርቃ ተኝታለች» እያልሁ ደስ ይለኝ ነበር። በዘጠነኛው ቀን ጧት ሞታ አገኘኋት። በጣሳው ክዳን ያለው ውሃ አልጎደለም።

እስስት የረጋ ውሃ ውሃ መሆኑን አታውቅም። የምትጠጣው በቅጠል ላይ የተንጠለጠለውን ጤዛና የዝናብ ጠብታ እየላሰች ነው። ይህን ያወቅሁት ብዙ ዓመት አስተምሬ፣ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ፣ ስለ እንስሳት የተጻፈ አንድ መጽሐፍ ሳገላብጥ ነው። መጽሐፉን አጥፌ ለረጅም ጊዜ ተቀመጥሁ። ጠብታው ከራሷ ላይ በአንድ ክንድ ርቀት እየዘነበ ነበር፤ የከለከልኋት እኔ ነኝ፤ የከለከልኋትም ስለራራሁላት ነው።

አንባቢዬ ሆይ፣ ምናልባት «ልጅ ነበርህ፤ አላወቅህም፤ ባለማወቅ የተሠራ በደል አይቈጠርም» ትለኝ ይሆናል። እኔም ለራሴ ይህንኑ ብዬ ነበር። ነገር ግን ነገሩን በመላልሰው «አላወቅሁም» የሚለው ቃል ለመንገደኛ እንጂ ለጠባቂ እንደማይሆን አየሁ። እስስቷ በቡናው ላይ ሳለች የእኔ ዕውቀት ምኗም አልነበረም። እኔ ጤዛ የሚባለውን ነገር ሳላውቅ ብኖር፣ ወይም ከነጭራሹ ባልወለድ፣ እርሷ ትጠጣ ነበር። በሩን የዘጋሁባት ዕለት ግን አለማወቄ ገዳይ ሆነ። ከዚያች ቀን በፊት ምንም ያልነበረው ድንቁርናዬ ከዚያች ቀን ወዲህ ጥም ሆኖ ተለወጠባት። መዝጊያውን የዘጋ ሰው እንስሳውን ብቻ አይደለም የወሰደው፤ እንስሳው የኖረበትን አገር ሁሉ ወስዶበታልና የዚያን አገር ሥራ ሁሉ ሊሠራ ግዴታ ገብቷል። ፀሐይዋ፣ ጥላዋ፣ ነፋሷና ዝናቧ እኔ ነበርሁ። ለዚህ ሹመት ደግሞ የጣሳ ክዳን ይዤ ቀረብሁ።

የጌዴኦን ምድር ያየ ሰው ይህን ነገር በቀላሉ ይረዳዋል። እዚህ አንድ እርሻ ማለት አንድ ፎቅ አይደለም። ከላይ ዋንዛውና ብርብራው ጥላ ይሰጣል፤ ከሥሩ እንሰቱ ሰፊ ቅጠሉን ይዘረጋል፤ በመካከሉ ቡናው ይቆማል፤ ከዚያም በታች ጎመኑና ቅጠላ ቅጠሉ አለ። የአገሩ ሰው ይህን እየተከለና እየጠበቀ በብዙ ትውልድ ያቆመው ነው፤ በ2023 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ዩኔስኮ የጌዴኦን ባህላዊ መልክዐ ምድር በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ያከበረው ይህንንም ጥበብ ነው። ለእስስት ግን ይህ ሁሉ ሌላ ትርጕም አለው። ብርድ ብርድ ሲላት አንድ እርምጃ ወደ ፀሐይ ትሄዳለች፤ ሲሞቃት አንድ እርምጃ ወደ ጥላ ትመለሳለች፤ ጭልፊት ካየች ከቅጠል ሥር ትገባለች። ማንንም አታስፈቅድም። ያለ ግምጃ ቤት ሹም የተከፈተ ግምጃ ቤት ማለት ይህ ነው።

ሌላም የሚያሳስተን ነገር አለ። ውሻ ቢራብ ያላዝናል፤ ላም ብትጠማ ትጮኻለች፤ ዶሮ እንኳ ቦታዋ ሲጠባት ቤቱን ታውካለች። እንሽላሊትና እስስት ግን ምንም አይሉም። ሰው ደግሞ ዝም ያለውን ሁሉ የጠገበና ደስ ያለው ይመስለዋል። «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» የሚለው ተረት ለተናጋሪ ሰው መልካም ምክር ነው፤ ለእስረኛ ግን የሚበጀው አይመስለኝም። የሚጮኸውን መመገብ ቀላል ነው። የማይጮኸውን ለመመገብ የሚያስፈልገው ፍቅር ብቻ ሳይሆን ትምህርት ነው፤ ብዙዎቻችን ደግሞ ፍቅሩን እናበዛና ከትምህርቱ እንቦዝናለን።

ስለዚህ ለልጁ በመጀመሪያ የመለስሁለት መልስ አልነበረም፤ የቤት ሥራ ነበር። «ስለ ኀጢአቱ ከመናገሬ በፊት፣ ነብሬ በአገሩ ቀኑን እንዴት እንደሚያሳልፍ አጥንተህ ጻፍልኝ» አልሁት። ከእናቱ ጋር ሆኖ የእንስሳት ሐኪም ጠይቆ፣ መጽሐፍም አንብቦ፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ አራት ገጽ ላከልኝ። አማርኛው ለጕድ ነበር፤ ሐሳቡ ግን ቀጥ ያለ ነው።

ከጻፈው ሁሉ የማረከኝ የሙቀቱ ነገር ነው። እኛ ሰዎች ሙቀታችንን ከበላነው ምግብ በሰውነታችን ውስጥ እንሠራለን፤ እንሽላሊት ግን ከውጭ ይበደራል። ነብሬ የበላውን ለመፍጨት ሆዱን ሞቅ ባለ ድንጋይ ላይ ማሳረፍ አለበት፤ ሙቀት ካጣ ምግቡ በሆዱ ውስጥ ሳይፈጭ ይቀራል። ሲበቃው ደግሞ ወደ ቀዝቃዛው መሸሽ አለበት። ስለዚህ ቤቱ ሁለት ጫፍ ያስፈልገዋል፤ በአንደኛው ጫፍ ሙቀቱ ወደ 32 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ በሌላው ጫፍ 25 ወይም ከዚያ ጥቂት ዝቅ ያለ። ሣጥኑም ለዚህ የሚበቃ ርዝመት፣ 90 ሴንቲሜትር ያህል፣ ቢኖረው ይመረጣል፤ በአጭር ሣጥን ውስጥ ሁለቱ ጫፎች ተቀላቅለው አንድ ይሆናሉና። ማሞቂያው እንዳያቃጥለው ሙቀቱን እየለካ የሚያጠፋና የሚያበራ መሣሪያ ያሻዋል። መሸሸጊያም አንድ አይበቃም፤ በሙቁ በኩል አንድ፣ በቀዝቃዛው በኩል አንድ፣ በመካከል ደግሞ ርጥበት ያለው ሦስተኛ ዋሻ ይደረጋል። ሦስተኛው ነብሬ ቆዳውን ሲገፍ የሚገባበት ነው፤ ርጥበት ካጣ አሮጌው ቆዳ በጣቶቹ ላይ ደርቆ ደሙን ያግድና ጣቶቹ ይቈረጣሉ። የሚያምረው ቀይ አሸዋም ወጣ፤ ከምግቡ ጋር ሲውጠው አንጀቱን ሊዘጋበት ይችላል። ለሚበላው ፌንጣና ትል የካልሲየም ዱቄት ይነሰነስበታል፤ አለዚያ አጥንቱ ይለሰልሳል። ጓደኛ ይፈልጋል ብለን ሌላ ወንድ ብናስገባለት ይጋደላሉ፤ ብቻውን መኖር ለእርሱ ቅጣት አይደለም።

ልብ በሉ፤ ከዚህ ሁሉ ውስጥ የመጀመሪያው ነገር ምቾት ሳይሆን ምርጫ ነው። በመካከል የተሰቀለው መብራት ትክክለኛውን ሙቀት ቢሰጥ እንኳ ሣጥኑ እስር ቤት ነበር፤ ትክክለኛ መሆኑን የሚወስነው ልጁ ነበርና። ሁለት ጫፍ ያለው ቤት ግን ነብሬ «አሁን በቃኝ» የሚልበት ቦታ አለው። ዋሻውም እንዲሁ «አሁን አትዩኝ» የሚልበት ነው። አፍ የሌለው ፍጡር እምቢ የሚለው በእግሩ ነው፤ የሚሄድበት ካጣ እምቢታውን የሚሰማለት የለም።

እዚህ ላይ አንድ ሰው ተነሥቶ «ሰው በሸራ ሥር ሲያድር ባየንበት አገር ስለ እንሽላሊት ቤት ትጽፋለህን?» ቢለኝ ተግሣጹ ይገባኛል። እኔም የማመልጥ አይደለሁም። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በጉጂ አዋሳኝ ግጭት ተነሥቶ በመቶ ሺህ የሚቈጠር ሕዝብ ከቤቱ ሲፈናቀል የእኛም ወረዳ ኮቸሬ በስደተኛ ተሞልቶ ነበር። በዚያ ጊዜ ሁለት ልጆች የያዘች እናት በግቢያችን አስጠግተን ነበር። በቤቱ ሰፊ ክፍል አሳረፍኋት፤ ፍራሽ፣ ብርድ ልብስ፣ ምግብም ሰጠናት። ጎረቤቱም ሊያጽናናት ከጧት እስከ ማታ ይመላለሳል። እርሷ ግን አመስግና ዝም ትላለች። ከሰባት ቀን በኋላ ባለቤቴ ለብቻቸው ሆነው ምን እንደጐደላት ብትጠይቃት፣ የጠየቀችው አንድ አሮጌ ነጠላ ብቻ ነበር፤ በክፍሉ መካከል ልትጋርደው።

ሰውን ከእንሽላሊት ጋር ማወዳደሬ አይደለም፤ እንዲህ ያለ ነገር ከአእምሮዬ ይራቅ። የማወዳድረው ራሴን ከራሴ ጋር ነው። የጣሳውን ክዳን የሞላው ልጅና ሰፊውን ክፍል የሰጠው ሽማግሌ አንድ ሰው ናቸው። በሁለቱም ጊዜ ያለኝን ሳልሰስት ሰጠሁ፤ በሁለቱም ጊዜ የሰጠሁት እኔ ብሆን የምፈልገውን ነበር። ያቺ ሴት አፍ ስለነበራትና ባለቤቴም ስለጠየቀቻት ጥፋቴ በሰባት ቀን ታረመ። ስለ እንስሳ ማሰብ ስለ ሰው ከማሰብ ይሰርቃል የሚሉ ሰዎች አሉ፤ እኔ ግን ከደረሰብኝ እንዳየሁት፣ ሳይጠይቅ መስጠትን የለመደ እጅ ተቀባዩን አይመርጥም።

ሌላው ክርክር ደግሞ ይበልጥ የከበደ ነው። «ነብሬ የተወለደው በሣጥን ነው፤ አያቱም ቅድመ አያቱም በሣጥን ነው የተወለዱት፤ የማያውቀውን አገር እንዴት ይናፍቃል?» ይባላል። እውነት ነው፤ ዛሬ በአሜሪካ የሚሸጡት ነብሬዎች በአብዛኛው በሰው ቤት የተራቡ ናቸው። ነገር ግን እግሩ፣ ሆዱና ቆዳው ያን ደረቅ ምድር አልረሱትም፤ ምሽት ሲሆን ማንም ሳይነግረው ይነቃል። ደግሞም በሰው እጅ መራባቱ ራሱ ሌላ እዳ አምጥቷል። አርቢዎች እንደ ጨርቅ ነጋዴ አዲስ ቀለም እየፈለጉ ያዳቅላሉ። ሌመን ፍሮስት የተባለ ሎሚ መሳይ ቀለም ያለው ዘር ወጥቶ እጅግ ተወድዶ ነበር፤ ኋላ ግን በብዙዎቹ ቆዳ ላይ ዕጢ ይወጣባቸው ጀመር። በ2021 በሎስ አንጀለስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባሳተሙት ጥናት ቀለሙንና ዕጢውን ያገናኘውን የዘር ምክንያት አመልክተዋል። ኢኒግማ የሚሉት ሌላ ዘር ደግሞ ሚዛኑን ስቶ በአንድ ቦታ ይዞራል። ከሣጥን ቢወጣም የማያመልጥበት ሣጥን ይኸው ነው፤ በገዛ ሥጋው ውስጥ ለተመልካች ተብሎ የተሠራበት።

«እንግዲያስ ይልቀቀው» የሚል ካለ፣ በሚኒሶታ በረዶ ላይ የተለቀቀ ነብሬ አንድ ሌሊት አያድርም። ያ ነጻነት ሳይሆን እጅን መታጠብ ነው። የእኔ እስስት ግን ሌላ ነገር ነበረች፤ ቤቷ ከሣጥኑ ሃያ እርምጃ አይርቅም ነበር። ከዱር የተያዘውን ወደ ቅርንጫፉ መመለስ እንጂ ቤት ማሳመር ምሕረት አይባልም። በአገራችንም በ1999 ዓ.ም. የወጣው የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቍጥር 541 የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ መያዝን ይከለክላል፤ እኔ በልጅነቴ ያደረግሁትን ዛሬ የልጅ ልጆቼ እዚህ ቢያደርጉት ጥፋቱ በሕግም ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ለልጁ የነገርሁት ይህን ነው፤ «ኀጢአት መሆኑን አለመሆኑን በአንድ ቃል ልነግርህ አልችልም። እንዲህ ያሉትን እንስሳት ማራባትና መሸጥ ባይጀመር ኖሮ የተሻለ ይመስለኛል። አንተ ግን አልጀመርኸውም፤ በእጅህ ገብቷል፤ ወደ ኋላ የሚመለስበትም መንገድ የለም። ጓደኛህ የወህኒ ዘበኛ ቢልህ አትቈጣው፤ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም። ዘበኛ መሆንህን የረሳህ ዕለት ግን እፈራልሃለሁ።» መልሱ ደስ አላሰኘውም። ልጆች «አዎ» ወይም «አይደለም» ይፈልጋሉ፤ እኔም ባገኘው እወድ ነበር።

ቤቱን እንደገና ሠራው። ሥዕሉ ተነሣ፤ ዘንባባውም ተጣለ። ወለሉ የተስተካከለ ንጣፍ፣ በሙቁ በኩል ጠፍጣፋ ድንጋይ፣ ሦስት ዋሻዎች፣ አንድ ዝቅ ያለ የውሃ ሣህን። ሲያሳየኝ የጓዳ ዕቃ የተከመረበት ጥግ መሰለኝ፤ እርሱም ይህን አውቋል። በሦስተኛው ሳምንት ጠርቶኝ ሊያለቅስ ደርሶ ነበር። «አባባ፣ ቤቱ ትክክል ሆነ፤ አሁን ግን ጨርሶ አላየውም። ቀኑን ሙሉ ከድንጋይ ሥር ነው። ጓደኞቼ ሲመጡ ባዶ ሣጥን ነው የማሳያቸው።»

ይህን ስሰማ ዝም አልሁ፤ የምለው አጥቼ ሳይሆን ልጁ ከእኔ ቀድሞ ከነገሩ ልብ እንደደረሰ ስላየሁ ነው። ሊያየው ብሎ አመጣው፤ በሚገባ ሲያኖረው ማየቱ ቀረበት። የሁለቱ ፍላጎት አንድ አይደለም፤ ከሁለት አንዱ ደግሞ ቁልፍ የያዘው እርሱ ነው። በድሮው ቤት ነብሬ ሁልጊዜ ይታይ ነበር፤ ይታይ የነበረውም የሚሸሸግበት ስላልነበረው ነው። እኛም ይህን «ለመደ» እንላለን።

«ዋጋው ይኸው ነው» አልሁት በመጨረሻ። «ለስንት ጊዜ?» አለኝ። ነብሬ ሃያ ዓመት ሊኖር እንደሚችል አስታወስሁት። በጣቱ ቈጠረና «ሠላሳ አንድ ዓመት ይሆነኛል» ሲል ደነገጠ። ኮሌጅ ሲገባ ማን እንደሚይዝለት፣ ሚስት ቢያገባና እርሷ ባትወደው ምን እንደሚያደርግ ጠየቀኝ። እኔንም «አንተ ትይዝልኛለህ?» አለኝ። ያን ጊዜ ዕድሜዬ ስንት እንደሚሆን አልነገርሁትም።

ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ለምዶ ነበር። እዚያ ሲመሽ እዚህ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ነው፤ ሽማግሌ ደግሞ በዚያ ሰዓት ተኝቶ አይገኝም። ልጁ በክፍሉ ውስጥ መብራቱን ሁሉ አጥፍቶ፣ ስልኩን በሣጥኑ ፊት አቁሞ ይጠራኛል። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አባባ፣ አትናገር፤ ሊወጣ ነው» ይለኛል። እኔም በጨለለቅቱ ከአልጋዬ ላይ ተቀምጬ፣ ውጭ ዝናብ በቆርቆሮው ላይ እየወረደ፣ ትንሿን ብርሃን እመለከታለሁ። ብዙ ጊዜ የሚታየኝ ጥቁር ነገር ነው፤ ድንጋዩ ይሁን ሌላ መለየት አልችልም። አንዳንድ ቀን ልጁ «አየኸው?» ይለኛል፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ ሳይወጣ ልጁን እንቅልፍ ይወስደውና ስልኩ እንደ በራ ይቀራል፤ እኔም እንዳይነቃ ብዬ ጥቂት ቆይቼ ዘጋዋለሁ።